የስለት በጉ አሟሟት

እኔ ፈሪ ሰው አይደለሁም። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን መታወቅ ስላለበት ነው። በደርግ ዘመን፣ ሰው ግድግዳ ላይ የገዛ ጥላውን ሲያይ ደንግጦ "ጓድ፣ እንደምን አደሩ" በሚልበት ጊዜ፣ እኔ ከመካኒሳ እስከ ነፋስ ስልክ ደረቴን ነፍቼ በመንገዱ መሃል ነበር የምሄደው። ላፍቶ ቁልቁለት ላይ ከጅብ ጋር ተናንቄ፣ ጅቡ ራሱ ሰልችቶት ትቶኝ ሄዷል። ይህን ታሪክ በሰፈራችን ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ያልሰማ ከተገኘም አዲስ ተከራይ ነውና በማግስቱ እነግረዋለሁ።

የምፈራው በግ ነበር።

ሁሉንም በግ አይደለም፤ አንድ በግ። ግን የዚያ በግ ነገር ለስድስት ሰው ተርፎ፣ ከስድስቱ አንዷን ቀበሌ ሊያስገባት ትንሽ ነበር የቀረውና ከመጀመሪያው ልናገር።

ግቢያችን ከመካኒሳ አቦ በታች፣ ቁልቁለቱ አልቆ ወንዙን እንደተሻገሩ የሚገኝ ነበር። ከኋላው የመጋዘን ግንብ፣ ግንቡ ላይ የተሰካካ የጠርሙስ ስባሪ፤ በግራና በቀኙ ገደል። መግቢያውም መውጫውም ወንዙ ላይ የተጋደሙ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንዶች ብቻ ነበሩ። ግቢው ድሮ የእትዬ ነበር። የትርፍ ቤት አዋጅ ሲመጣ ትልቁ ቤት ለእሳቸው ቀረላቸው፤ በተርታ የተሠሩት አምስት ሰርቪስ ቤቶች የቀበሌ ሆኑና እኛ ገባንባቸው። እትዬ ግን አንድም ቀን "ቤቴ ነበር" ብለው አያውቁም። ክረምት ሲገባ ብቻ የእኛን ጣራ ቀና ብለው እያዩ "ያ ቆርቆሮ ቀዳዳ ነበረው፤ ያፈስባችኋል?" ይሉ ነበር።

የመጀመሪያዋ ክፍል የግራዝማች ናት። በአገራቸው ጭቃ ሹም የነበሩ፣ ማዕረግ በአዋጅ ከተሻረ በኋላም "ግራዝማች" ካልተባሉ የማይሰሙ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ ውስጥ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አባል ይኖራል፤ "ጓድ" እንለዋለን፤ ሌላ ስም ይኑረው አይኑረው ረስተን ነበር። ግራዝማችን "ጓድ ሽማግሌ" ብሎ ሲጠራቸው እሳቸው ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላ ይዞራሉ። ሦስተኛዋ ውስጥ ከስልጤ የመጣ ባለሱቅ አለ፤ ሱቁ ከወንዙ ማዶ አስፋልቱ ዳር ነበር፤ ቤተሰቡን ለክረምቱ አገር ቤት ሰዷል። አራተኛዋ ውስጥ ከወላይታ የመጣች ልብስ ሰፊ ትኖራለች። ቀኑን ሙሉ መስኮቷ ሥር መኪናዋን ስትረግጥ ትውላለች፤ ድምጿ ከመኪናዋ ድምፅ ያንሳል። ደንበኞቿ ብዙ ናቸው። ግን አንዲት ሴት ለአንድ ቀሚስ አራቴ አምስቴ ስትለካ አይ ስለነበር፣ "የዚች ልጅ ሜትር ቁጥሩ ጠፍቷል" እያልኩ ግቢውን አስቅበታለሁ። ጓድ በተለይ በዚህ ቀልድ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። አምስተኛዋ የእኔ ናት።

በጉን እትዬ የገዙት አንድ ልጃቸው ወደ ሰሜን በዘመተ በሳምንቱ ነው። "ልጄን በሰላም ብትመልስልኝ ይህን በግ አስገባለሁ" ብለው ለአቦ ተሳሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ልጁ ሲመለስ ይገዛ ነበር። እትዬ ግን ስለታቸው የቃል ብቻ እንዳይመስል በጉ አስቀድሞ እንዲታይ ፈለጉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እያደር ተለወጠ። ደብዳቤ ሲዘገይ ሄደው የበጉን ዓይን ያያሉ። በጉ ካሳለው እሳቸው እንቅልፍ የላቸውም። "በጉ ደህና ነው፤ ልጄም ደህና ነው" ይሉናል፤ እኛም አሜን እንላለን፤ ጓድ ሳይቀር።

የታሰረው ሽንት ቤቱ ጎን ካለው ጽድ ላይ ነው። ገመዱ ረጅም ስለሆነ መንገዱን በሙሉ ይሸፍናል። ሌላውን ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያሳልፋል። እኔን ሲያይ ግን ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ለምን እንደጠላኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ምናልባት የጅቡን ታሪክ ሰምቶ አላመነኝ ይሆናል። መጀመሪያ የወጋኝ ቀን ከኋላዬ ነበር የመጣው። አየር ላይ ብዙ ቆየሁ፤ የአቦን ጉልላት ከላይ ወደ ታች አይቼ ነው የወረድኩት። እሺ፣ ጭቃው ላይ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ተነስቼ ማንም እንዳላየኝ ዞር ዞር ብዬ አረጋገጥኩ፤ ወይም ያረጋገጥኩ መሰለኝ።

ጅብ ያባረረ ሰው "በጉን ያዙልኝ" ብሎ አይጣራም። መላ ፈለግኩ። ነፋስ ስልክ አካባቢ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ከተቀደደ ጆንያ የሚፈሰው ስንዴ ይጠረጋል፤ ከሚጠረገው አንዳንድ ጭብጥ በካልሲዬ ይዤ መውጣት ጀመርኩ። አልጋዬ ሥር ባለ ጣሳ አጠራቅመዋለሁ። ጠዋት ስሄድ ከጽዱ ሥር በተን አደርግለታለሁ፤ እሱ ይበላል፣ እኔ አልፋለሁ። ስመለስም እንደዚያው። ያ በግ ፊት አይቶ ግብር የሚያስከፍል ነበር።

ያ ስንዴ ግን የሕዝብ ንብረት ነው። አብሮን የሚሠራ አንድ ሰው በር ላይ ሲፈተሽ ከእኔ ያነሰ ኪሱ ውስጥ ተገኝቶበት ተወሰደ። ከወራት በኋላ ሲመለስ ሰላምታ እንኳ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ነበር የሚመልሰው። ይህን ዓይኔ እያየ ስንዴውን መሸከሜ በጉን ምን ያህል እፈራው እንደነበር ያስረዳል።

ሐምሌ ላይ ነው። ሳያባራ ሲዘንብ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞላና ሦስቱን ግንዶች እንደ ክብሪት እንጨት ይዟቸው ሄደ። ቆመን አየናቸው። ጓድ ማዶውን እያየ "ሪፖርት ነበረብኝ" አለ። ባለሱቁ "ሱቄ" አለ። እኔ ከፋብሪካ መቅረቴ ደስ አለኝ። ደስታዬ አልቆየም፤ የቧንቧው ውሃ ደፍርሶ ነበርና በማግስቱ ሆዴን አበላሸው። ያን ቀን ሽንት ቤት መቶ ጊዜ ተመላለስኩ። ስምንት ጊዜ። መሄጃና መመለሻው ሲቆጠር አሥራ ስድስት ጭብጥ ነው። በጉ በላ፤ የዝናብ ውሃ ጠጣ፤ ደግሞ በላ። አመሻሹ ላይ ራሱን ዝቅ አላደረገም፤ ዝም ብሎ አየኝ። በመጨረሻ ታረቅን ብዬ ገባሁ።

በበነጋው ማለዳ ስንወጣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ አራት እግሩን ዘርግቶ ጽዱ ሥር ወድቋል። እትዬ አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል።

"ልጄን ገደሉብኝ" አሉ፣ ቀስ ብለው። አልጮኹም። ያስፈራንም እሱ ነው።

ግራዝማች ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። በጉን ዞሩት፤ ወንዙን አዩት፤ ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አዩን። "ድልድዩ ከሄደ ሁለት ሌሊት ሆነው" አሉ። "ግንቡን የወጣ የለም፤ ገደሉን የወጣ የለም። ይህን ያደረገ ሰው አሁን እዚህ ቆሟል።"

ሁላችንም አንድ አንድ እርምጃ ከሌላው ራቅ አልን።

ጓድ ደብተሩን አወጣ። "ከአሁን ጀምሮ ማንም ሰው ከግቢው እንዳይወጣ።"

"በምን ይወጣል?" አለ ባለሱቁ።

"ትእዛዝ ነው።" ጓድ ቀበሌው ማዶ ስለቀረ ሥልጣኑም ማዶ የቀረ መስሎት ተጨንቆ ነበር፤ አሁን ፊቱ በራ። "ይህ የዘማች እናት በግ ነው። የዘማች እናትን በግ መግደል የዘማቹን ሞራል መግደል ነው። የዘማቹን ሞራል የሚገድል ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ውሃው እንደጎደለ ጥፋተኛው ከእኔ ጋር ቀበሌ ይሄዳል።"

በዚያን ጊዜ ቀበሌ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ፣ ይወጣም እንደሆነ፣ ደፍሮ የሚጠይቅ የለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የግቢው ነገር ይኸው ብቻ ሆነ፤ ውሃው ሲጎድል ከእኛ መካከል የሚወሰደው ማን ነው?

ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ የበጉን ሆድ በጣቱ መታ መታ አደረገ። "ይሄ እህል ነው" አለ። "ደረቅ እህል በልቶ ውሃ ሲጠጣበት እንዲህ ይነፋል። አገሬ አይቻለሁ።"

"እህል ያለው ማን ነው?" አለ ጓድ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ።

ባለሱቁ ቀና ሲል ሁላችንም እያየነው ነበር። "የእኔ እህል ማዶ ነው ያለው" አለ። "እዚህ ያለኝ ዳቦ ነው። ሁለት ዳቦ። ኑና ቁጠሩት።" ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለ በግ አንድም ቃል አልተናገረም።

"ሆዱ ይቀደድ" አሉ ግራዝማች። "እህልም ከሆነ፣ መርዝም ከሆነ፣ ይታያል።"

ስንዴ ይታያል ማለት ነው። የመጋዘን ስንዴ፣ አሥራ ስድስት ጭብጥ። ያኔ ከአፌ የወጣውን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"አይሆንም" አልኩ። "የአቦ ነው። የተሳለ ነገር ሆዱ አይቀደድም። እንደ ሰው ነው የሚቀበረው።"

አቦን በዓመት አንዴ፣ እሱንም ከውጭ፣ የምሳለም ሰው ነኝ። ግራዝማች ቅንድባቸውን አነሱ። ጓድ አንድ ነገር ጻፈ። እትዬ ግን ከጭቃው ላይ ቀና ብለው "ተባረክ" አሉኝ። "ከሁላችሁም እሱ ብቻ ገባው።" ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ከእኔ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ግራዝማች ከአጠገቤ ቆመው "ትንሽ ጠለቅ አድርገው፤ ምነው ቸኮልክ?" ይሉኛል። ጠለቅ አደረግኩት። አልቸኮልኩም ለማለት ስል ሰው የሚያስቀብር ጉድጓድ ቆፈርኩ።

ከዚያ በኋላ በሮች ተዘጉ። በየክረምቱ በር ከፍተን፣ ከደጃፍ ደጃፍ እየተጯጯህን የምንውል ሰዎች፣ ያን ቀን ሽሮ እንኳ በተዘጋ ቤት ሠራን። ባለሱቁ ጨው ሊበደር ሰፊዋ በር ድረስ ሄዶ፣ ቆሞ አስቦ፣ ሳያንኳኳ ተመለሰ። ግራዝማች ባልዲያቸውን ከቧንቧው ሥር አነሱ፤ ሌላ ጊዜ ሳምንት ይተዉታል። የሰው እግር ድምፅ በተሰማ ቁጥር አምስት መጋረጃ ይነቃነቃል። የእኔም ይነቃነቃል። ሽንት ቤት መሄድ ራሱ ምስክርነት ሆነ፤ ቀጥ ብዬ ብሄድ "ለምን ቀጥ አለ?" የሚሉኝ፣ ዞሬ ብሄድ "ለምን ዞረ?" የሚሉኝ ይመስለኛል። በጉ ከሞተም በኋላ ያን መንገድ እየፈራሁት ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ጓድ በሬን አንኳኳ። ጣሳው አልጋው ሥር ነበር። ጓድ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

"አንተ ደፋር ሰው ነህ" አለኝ። "ጅብ የታገልክ።"

"ትንሽ ጅብ ነበር" አልኩት። ያን ታሪክ ዝቅ አድርጌ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሰፊዋን እንዴት ታያታለህ?"

"ዝምተኛ ናት።"

"ዝምተኛ" አለና ጻፈው። "እትዬ የበጉን አንገት ማሰሪያ ስፊልኝ ያሏት ጊዜ ምን እንዳለች ሰምተሃል? 'እግዚአብሔር ያለ በግም ይሰማል እትዬ' ነው ያለችው። ይህን የሚል ማን ነው? ጴንጤ ነው። ጴንጤ ስለት ይጠላል። ዓይንህን ጣልባት።"

"እሺ ጓድ" አልኩ። ሲወጣ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ልቤ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀለል ብሎት ነበር።

በማግስቱ ውሃው መጉደል ጀመረ። ግራዝማች ይህን አይተው ይሆናል ማለዳውኑ ሁላችንንም እትዬ ሳሎን የሰበሰቡን። "ቀበሌ ከመግባቱ በፊት ነገሩ እዚሁ ይለቅ" አሉ። "በእኛ አገር አውጫጭኝ ይባላል።" አውጫጭኝ የድሮ ሥርዓት ነው፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እስኪታወቅ ድረስ የሚወጣ የለም፣ የሚበላም የለም። ያየ ሰው በአደባባይ "አየሁ" አይልም። ለዳኛው ለብቻው ሆኖ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል።

"ይህ የፊውዳል አሠራር ነው" አለ ጓድ። "እኛ ሂስና ግለሂስ አለን። ሰው ተነስቶ ራሱን ይሂሳል።"

"ገዳይ ተነስቶ ራሱን ይሂሳል?"

"ከነቃ ይሂሳል።"

"ታዲያ እስኪነቃ ወፏን እንስማት" አሉ ግራዝማች። ጓድ ትንሽ አሰበና ወፏ "ምንጭ" ተብላ እንድትመዘገብ ተስማማ። እንዲህ ሆኖ በኢትዮጵያ ምድር ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ አውጫጭኝ በቃለ ጉባኤ ተካሄደ።

"ሽንት ቤትስ?" አልኩ።

"ሽንት ቤትም ቢሆን" አሉ ግራዝማች።

በየተራ ወደ ጓዳ እየገባን ለግራዝማች ሹክ እንድንል ተባለ። ስድስት ሰው ባለበት ግቢ፣ ያውም መጋረጃ ብቻ በሚለያት ጓዳ፣ ምን ሚስጥር አለ? ባለሱቁ ገብቶ ወዲያው ወጣ፤ የእሱ ወፍ ምንም አላየችም። እትዬ ገብተው አለቀሱ። ሰፊዋ ገብታ፣ ቆይታ፣ ወጣች፤ ምን እንዳለች አልተሰማም። የጓድ ወፍ ግማሽ ሰዓት ተናገረች፤ "በመሆኑም" እና "ከዚህ በመነሳት" የሚሉት በመጋረጃው ያልፉ ነበር።

እኔ ስገባ ልናገር ቆርጬ ነበር። በእውነት። ግራዝማች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ወፏ ምን አለችህ?"

ከመጋረጃው ወዲያ ጓድ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። ያ የፋብሪካችን ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰላም ሲል ታየኝ። "ወፏ..." አልኩ፤ "ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ በመስኮቷ በጉን ስታይ ነው የምትውለው አለች።"

ውሸት አይደለም። መስኮቷ ወደ ጽዱ ነው የሚያየው። ግራዝማች ዓይናቸውን ገለጡ።

"መስኮት ላይ ያለ ሰው ያያል" አሉ። "የሚያየው ነገር ካለ።" እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ሂድ" አሉኝ።

ስመለስ ቦታዬ ከሰፊዋ ጎን ነበር። ትንሽ ጠጋ ብላ አስቀመጠችኝ። መጋረጃው ስስ መሆኑን አስቤ አንገቴን ደፋሁ።

ግራዝማች ወጥተው "ወፏ አንዲት ሴት ላይ ታንዣብባለች፤ የያዘችው ግን የለም" አሉ። ጓድ ተነሳ። "እንግዲያው ክፍል ለክፍል ፍተሻ ይደረጋል። እህል የተገኘበት፣ መርዝ የተገኘበት፣ ሌላም ነገር የተገኘበት" አለና ሰፊዋን አየ፣ "ይያዛል። ከአራተኛዋ ክፍል እንጀምራለን።"

ከአራተኛዋ ቀጥሎ አምስተኛዋ ናት። ጣሳው ክዳን እንኳ አልነበረውም።

ሰፊዋ ብድግ አለች። "ፍተሻ አያስፈልግም" አለች። ድምጿን እንደዚያ ጎልቶ ሰምቼው አላውቅም። "እኔ ነኝ።"

ጓድ እንኳ አልጠበቀም ነበር። "ምን ሰጠሽው?"

"ስንዴ። ለንፍሮ የያዝኩት ነበር።"

"ለምን?"

"የራበው መስሎኝ።"

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ነጠላቸውን እያጣጠፉ፣ እየፈቱ፣ ብዙ ቆዩ።

"መርዝ አይደለም?"

"አይደለም እትዬ።"

"ጠግቦ ነው የሞተው?"

"ጠግቦ ነው እትዬ።"

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጠግቦ" አሉ ለራሳቸው። "ልጄም ይጥገብ እንጂ።" ከዚያ ወደ ጓድ ዞረው "እኔ አልከሰስኩም" አሉ።

"እርስዎ ባይከሱ ሕዝብ ይከሳል" አለ ጓድ። "ነገ ይዣት እሄዳለሁ።"

ግራዝማች ከዘራቸውን መሬት ላይ አኖሩ። "ፍርዱ የእኔ ነው፤ ዳኛ አድርጋችሁኛል። ግቢውን ለቃ ትሂድ፤ አለቀ።" ቃለ ጉባኤው ላይ ሁለቱም ፍርዶች ተጻፉ። እኔ እማኝ ሆኜ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል።

በማግስቱ ማለዳ ውሃው እስከ ጉልበት ወረደ። ጓድ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተሻገረና ሰዎች ይዞ ለመምጣት የአቦን ዳገት ተያያዘው። ዳገቱ ላይ ሳይሰወር ሰፊዋ ልብሷን ጠቅልላ ወጣች። የስፌት መኪናዋ ብረት ከባድ ነው። ግራዝማች ከበራቸው ሆነው "አንተ፣ ጅብ የምትታገል፣ ምን ቆመሃል? ተሸከምላት" አሉኝ። በእጃቸውም ጓድ ከተሻገረበት ዝቅ ብሎ ውሃው የሳሳበትን ቦታ አመለከቱን። መኪናውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተከተልኳት።

በሜዳው አቋርጠን ሄድን፤ አስፋልቱም ታየ። ከዚያ አላስቻለኝም።

"ለምን እኔ ነኝ አልሽ?"

"ፍተሻው ከእኔ ክፍል ነበር የሚጀምረው። አንድ ደብተር አለኝ፤ የሰዎች ስም አለበት።" ጥቅልሏን ደረቷ ላይ አጠበቀችው። "ከዚያ ደግሞ ወዳንተ ነበር የሚሄዱት። ጣሳውን አውቃለሁ። በመስኮት አይህ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"በጉ ከጣለህ ቀን ጀምሮ።" ፈገግ አለች። "አየር ላይ ብዙም አልቆየህም።"

እሷ ቀጠለች። "አንተም ስለ እኔ አውቀህ ዝም ብለሃል። ሰዎቹ ልብስ ለመለካት እንደማይመጡ፣ የምንጸልይ መሆናችንን ታውቃለህ። ጓድ መጠራጠር ሲጀምር 'ሜትሯ ቁጥሩ ጠፍቷል' እያልክ አስቀህ ነበር የምታስረሳው። ትናንትም ወፏ የተናገረችውን ሰምቻለሁ፤ ከፍርሃት ነው፣ አልቀየምኩህም። ለቀደመው ግን እግዚአብሔር ይስጥህ።"

ምንም አላውቅም ነበር። ሥራ የማይገባት ሰፊ ናት ብዬ ነበር የምቀልደው።

"ምንም አይደል" አልኳት።

ታክሲ መጣ። መኪናዋን ስጭን "አንድ ቀን" አለችኝ፣ "ጊዜው ሲያልፍ፣ በጉን ያበላሁት እኔ እንዳልነበርኩ ለእትዬ ንገራቸው። ሌላው ያስብ ያሻውን። እሳቸው ግን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ።"

"እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

ጓድ ሰዎቹን ይዞ ሲመጣ ባዶ ክፍልና አንድ ያልተጨረሰ ቀሚስ አገኘ። ግራዝማችን ጠየቃቸው፤ ጓድ ሽማግሌ ብሎ ስለጠራቸው ወደ ኋላቸው ዞረው ማን እንደተጠራ ፈለጉ። ነገሩ በዚያው ቀዘቀዘ።

ደርግ ሲወድቅ የእትዬ ልጅ ከሲታ ሆኖ፣ ግን ሙሉ አካሉን ይዞ፣ በእግሩ መጣ። እትዬ ሌላ በግ ገዙ። ቀንዳም። ወደ አቦ እንድጎትትላቸው እኔን ጠሩኝ፤ ወገቤን አመመኝ አልኳቸው። ጊዜው አልፎ ነበር፤ ጓድም ቀበሌውም የነበሩበት አልነበሩም፤ የምፈራው ሰው አልቀረም። እትዬ በየበዓሉ እየጠሩ "የአቦን በግ ሆድ ያላስቀደደ" እያሉ ይመርቁኝ ነበር። አሜን እል ነበር።

በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ "ያቺ ሰፊ" አሉኝ። "ምን ነበረበት፣ ከማብላቷ በፊት አንዴ ብትጠይቀኝ?"

ውሃ አቀበልኳቸው። አልነገርኳቸውም።